የጄኔሬተር ናፍጣ ታንከር ሲያፈስ
ካዛንቺስም ሆነ ፒያሳ፣ ጓሮ የተቀመጠ የጄኔሬተር ታንከር ማንጠባጠብ ሲጀምር ሞተሩን አጥፉ፣ ቫልቩን ዝጉ፣ ከሥሩ ሳፋ አድርጉ። የቡና ከሰልና ሲጋራ ይራቅ።

ታንከሩን በጨርቅ አድርቁና የጠመኔ ዱቄት ቀቡት፤ የሚያፈስበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል። ከመገጣጠሚያው ከሆነ ቀላል ነው፦ ናፍጣውን ወደ በርሜል ገልብጡ፣ የመገጣጠሚያውን ጥርስ አጽዱ፣ ናፍጣ የሚችል ማሸጊያ ቀብታችሁ መልሳችሁ እሰሩ። ታች በኩል የመርፌ ቀዳዳ ካያችሁ ግን ዝገት ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ደረቅ የልብስ ሳሙና ቀዳዳው ላይ አጥብቆ ማሸት ለጊዜው ይይዛል፤ ናፍጣውን ወደ በርሜል እስክትገለብጡ ብቻ። «ባዶ ነው፣ እንበይደው» የሚል በያጅ ከመጣ አሰናብቱት፤ የሚፈነዳው ውስጡ የቀረው ትነት ነው።

መሬት የፈሰሰውን በሰጋቱራ ወይም በአሸዋ አስመጥጡ እንጂ በውሃ አጥባችሁ ወደ ቦይ አትልቀቁ።