ከባድ ሕመም ያለበትን ሰው በማስታገሻ ክብካቤ እየታገዙ በቤት ውስጥ እንዴት ማስታመም ይቻላል?

አንድ ሰው ካንሰር፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት ድክመት ወይም ሌላ በቀላሉ የማይድን በሽታ እንዳለበት ሲነገረው ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ «ይድናል ወይስ አይድንም?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ይዞ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ይዞራል። በዚህ ሩጫ መካከል ሕመምተኛው ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ፣ ምግብ ለምን እንደማይዋጥለት፣ ስለ ልጆቹ ምን እንደሚያሳስበው የሚጠይቀው ሰው ይጠፋል። ፓሊየቲቭ ኬር በመባልም የሚታወቀው የማስታገሻ ክብካቤ ይህን ክፍተት የሚሞላ ሕክምና ነው። ዘመናዊ መልኩን ያስያዙት መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም የሆኑት እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን (ሆስፒስ ማለት በሕይወታቸው መጨረሻ ላይ ያሉ ሕመምተኞች የሚታገዙበት አገልግሎት ነው) ሲከፍቱ የሕመምተኛ ሥቃይ የአካል፣ የሐሳብ፣ የኑሮና የመንፈስ በመሆኑ አንዱን ብቻ ነጥሎ ማከም እንደማይበቃ አስተማሩ። በአገራችንም ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሕመምተኞችን በየቤታቸው እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል። ቀጥሎ ያለው በዋናነት የተጻፈው ለአስታማሚው ነው፤ የማስታመሙን ሥራ ቀንና ሌሊት የሚሠራው እርሱ ነውና።

1. ክብካቤውን ቀድሞ መጠየቅ

ብዙ ቤተሰብ ስለ ማስታገሻ ክብካቤ የሚሰማው «ከእንግዲህ የምናደርግላቸው ነገር ስለሌለ ወደ ቤት ውሰዷቸው» ሲባል ነው። ይህ እጅግ የዘገየ ነው። ክብካቤው በሽታው ከታወቀበት ዕለት ጀምሮ ከኬሞ፣ ከጨረር ወይም ከኩላሊት እጥበት ጋር ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በቦስተን 151 የተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ የማስታገሻ ክብካቤን ከመጀመሪያው ያገኙት ሰዎች የተሻለ ኑሮ ከመኖራቸውም በላይ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ ግን 8.9 ወር ነበር። «ማስታገሻ ጀመሩለት ማለት ተስፋ ቆረጡበት ማለት ነው» ለሚሉ ዘመዶች ይህን መንገር ይጠቅማል።

የሚያክመውን ሐኪም «ሥቃዩን የሚከታተልልን ባለሙያ ወይም ክፍል አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ክፍል በሌለበት ከተማ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱን ሊያዝ፣ በአቅራቢያው ያለ የጤና ጣቢያ ነርስም ሊከታተል ይችላል። ከሆስፒታል ስትወጡ የበሽታውን ዓይነትና የሚወሰዱትን መድኃኒቶች የሚገልጽ የሕክምና ማጠቃለያ በጽሑፍ መቀበልን አትርሱ፤ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ለሚያገኛችሁ የማያውቃችሁ ሐኪም ከዚያ ወረቀት የተሻለ የሚያስረዳ የለም። በአሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ ሁለት አገልግሎቶችን ለዩ፤ በሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) የሚሸፈነው ሆስፒስ በሽታው በተለመደው አካሄዱ ከቀጠለ ዕድሜው ከ6 ወር እንደማይበልጥ ሐኪሞች ለመሰከሩለት ሰው ሲሆን፣ ፓሊየቲቭ ኬር ግን እንዲህ ያለ የጊዜ ገደብ የለበትም። በምክክሩ ላይ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ የ14 ዓመት ልጅ ለአያቱ የካንሰር ዜና እንዲያስተረጉም ማድረግ በልጁም በአያቱም ላይ ግፍ ነው።

2. ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን መጠየቅ

በእኛ ቤት የተለመደው የምርመራውን ውጤት ለዘመድ ነግሮ ከራሱ ከሕመምተኛው መደበቅ ነው። የሚደረገው «እንዳይደነግጥ» በሚል ፍቅር መሆኑ አያጠራጥርም፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ሁሉን ጠርጥሮ ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ ዝም የሚልበት፣ ቤተሰቡም እርሱን ላለማስጨነቅ ዝም የሚልበት ኑሮ ይሆናል። በዚህ መካከል ኑዛዜ ሳይነገር፣ ዕዳና ብድር ሳይታወቅ፣ የተጣሉ ወንድማማቾች ሳይታረቁ ይቀራሉ። በሌላ በኩል እውነቱን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ማፍሰስም አይገባም።

የማስታገሻ ክብካቤ ባለሙያዎች የሚጀምሩት በጥያቄ ነው፤ ቤተሰብም ይህን መልመድ ይችላል። ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሕመሙም ጋብ ባለበት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «አባባ፣ ሐኪሞቹ ስለ ሕመምዎ የነገሩዎትን እንዴት ተረዱት?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሳታቋርጡ ካዳመጣችሁ በኋላ «ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ራስዎ ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለታላቅ እኅቴ እንዲነገራት ይመርጣሉ?» በሏቸው። «ለእሷ ይንገሯት» ማለትም ሙሉ መልስ ነው፤ ሊከበርም ይገባል። ልዩነቱ ምርጫው የእርሳቸው መሆኑ ላይ ነው። «ልሞት ነው እንዴ?» ብለው ከጠየቁም «ኧረ ምን ማለትዎ ነው!» ብላችሁ በር አትዝጉባቸው፤ «ምን አሳስቦዎት ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ነገር ያስወራል።

3. ሕመሙን መዝግቦ መያዝ

አንድ ደብተር አዘጋጁ። በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ «ምንም ሕመም የለም» 0፣ «ከዚህ የባሰ ሊኖር አይችልም» ደግሞ 10 ቢሆን የአሁኑ ስንት እንደሆነ ጠይቁና ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። ቦታውን፣ እንደ ቃጠሎ፣ እንደ ውጋት ወይም እንደ ቁርጠት መሆኑን፣ ምን እንደሚያባብሰው ጨምሩበት፤ ነርቭን የሚነካ የሚያቃጥል ሕመም ከሌላው የተለየ መድኃኒት ሊፈልግ ስለሚችል ዝርዝሩ ለሐኪሙ ይጠቅማል። ሕመምን ዋጥ አድርጎ መቻል በሚወደስበት አገር ብዙዎች «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለታቸው ስለማይቀር ፊታቸውን፣ እንቅልፋቸውንና ጎናቸውን ሲገላበጡ የሚያሰሙትን ድምፅ ተመልከቱ።

4. መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት፣ ሞርፊንንም አለመፍራት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ለካንሰር ሕመም ባወጣው መመሪያ መድኃኒት ከቀላሉ ወደ ጠንካራው እንዲሄድ፣ በተቻለ መጠን በአፍ እንዲወሰድና ሕመሙ ሳይጠበቅ በሰዓቱ እንዲሰጥ መከረ። ለቀላል ሕመም ፓራሲታሞል ሊበቃ ይችላል፤ አዋቂ ሰው ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ከባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ በላይ መውሰድ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ ወይም በጣም የከሳ ሰው ከዚህም ያነሰ ነው የሚታዘዝለት። ቀጥሎ እንደ ትራማዶል ያሉት ይመጣሉ። ለከባድ ሕመም ግን ዋናው መድኃኒት ሞርፊን ነው፤ ሐኪሙም መካከለኛውን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ሊያዘው ይችላል።

የሞርፊን ስም ሲነሣ ቤተሰቡ ይደነግጣል፤ «ሱስ ያስይዘዋል»፣ «ወደ ሞት ያፈጥነዋል» ይባላል። በባለሙያ ክትትል፣ በትንሽ መጠን ተጀምሮ እንደ ሕመሙ ልክ የሚስተካከል ሞርፊን ዕድሜን አያሳጥርም፤ ለሥቃይ ተብሎ በዚህ መልክ ሲሰጥም በሱስ የመያዝ ነገር እምብዛም አይታይም። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱ ግን እውነት ነው፤ ስለዚህ በድንገት መቋረጥ የለበትም። ከሁሉ የከፋው ስሕተት «ለባሰ ቀን ይቆይ» ብሎ ማስቀመጥ ነው፤ ሥር ከሰደደ በኋላ የሚሰጥ ማስታገሻ ሕመሙን ለማስተኛት የበለጠ መጠን ይጠይቃል።

ፈሳሹ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ከታዘዘ በእኛ ሰዓት ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ከጠዋቱ 12፣ ከረፋዱ 4፣ ከቀኑ 8፣ ከማታው 12 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሰጣል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ላለመቀስቀስ ሐኪሙ የመኝታውን መጠን እጥፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህን ግን በራሳችሁ አትወስኑ። መጠኑን በሻይ ማንኪያ ሳይሆን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ፤ በሲሪንጁ ላይ የታዘዘውን መስመር በማይጠፋ ቀለም ምልክት ብታደርጉበት ሌላ ሰው ሲተካችሁ አይሳሳትም። ጠርሙሱን ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ቆልፉበት።

በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እንቅልፍና ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እየቀለለ ይሄዳል። የሆድ ድርቀት ግን ሞርፊኑ እስካለ ድረስ ስለማይለቅ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ። ተልባ የሚያዘጋጁ እናቶች አሉ፤ በቂ ፈሳሽ ለማይጠጣና አልጋ ላይ ለዋለ ሰው ግን ድርቀቱን ሊያባብሰው ስለሚችል በመድኃኒቱ ምትክ አይሆንም። ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ከሆነ ወይም አተነፋፈሱ በጣም ከዘገየ ቀጣዩን መጠን ሳትሰጡ ወዲያውኑ ባለሙያ ጥሩ። የኩላሊት ችግር ካለበትም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

5. ሌሎቹን ምልክቶች መንከባከብ

ትንፋሽ ሲያጥረው ቀና አድርጋችሁ በትራስ ደግፉት፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፊቱ ላይ ቀስ እያላችሁ አራግቡለት፤ ፊት ላይ የሚነፍስ አየር የማፈን ስሜቱን በእርግጥ ያቀላል። ራሱን ማዞር የማይችለውን ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎኑን አገላብጡ፤ ተረከዙን፣ ዳሌውንና የወገቡን ታች በየቀኑ እዩ፤ የቀላና በጣት ሲጫኑት መቅላቱ የማይጠፋ ቆዳ የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነው። መጥፎ ጠረን ያለው ቁስል ካለ ሕመምተኛው አፍሮ ሰው መሸሽ ከመጀመሩ በፊት ለነርሷ ንገሯት፤ ጠረኑን የሚያጠፋ መድኃኒት አለ።

ምግብን በተመለከተ አስታማሚው ከራሱ ጋር መታገል አለበት። ፍቅራችንን በጉርሻ የምንገልጽ ሰዎች ስለሆንን ሕመምተኛው ሲገፋው የተናቅን ይመስለናል። በከባድ በሽታ መጨረሻ ላይ የምግብ ፍላጎት የሚጠፋው በሽታው ራሱ ስለሚያጠፋው እንጂ አስታማሚው ስላልጣረ አይደለም። ጥቂት አጥሚት፣ እርጎ ወይም ሾርባ በፈለገበት ሰዓት አቅርቡ፤ እምቢ ካለ አንሡት።

6. ጠያቂውን፣ እድሩንና የሃይማኖት አባቱን ማቀናጀት

ጠያቂ መድኃኒት ነው፤ ሃያ ሰው በአንድ ክፍል ሲሞላ ግን ሕመምተኛው ይዝላል፣ የመድኃኒት ሰዓትም ያልፋል። አንድ የሚደመጥ ዘመድ በር ላይ ሆኖ የጉብኝቱን ሰዓት ቢያስተካክል ማንም አይቀየምም። «ምን እናግዝ?» ለሚሉት ደግሞ ቁርጥ ያለ ሥራ ስጡ፤ አንዷ ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት ታስታምም፣ ሌላው መድኃኒት ያምጣ። እድር ከቀብር በኋላ ብቻ መምጣት የለበትም፤ ደንቡ የሚፈቅድ ከሆነ ለታመመ አባል መጓጓዣ ወይም መድኃኒት እንዲያግዝ ጠይቁ።

ሕመምተኛው ንስሐ አባቱን፣ ኢማሙን ወይም ፓስተሩን ማየት ከፈለገ ለመጨረሻ ቀን አታቆዩት። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እንዲያቋርጥ የሚመክሩት አይጠፉም፤ ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ከካህኑ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። አስታማሚውም ይተኛ፤ ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ሞርፊን መለካት የለበትም።

7. ለክፉ ቀን መዘጋጀት

ሕመምተኛው የመጨረሻ ጊዜውን የት ማሳለፍ እንደሚፈልግ፣ ወደ ሆስፒታል መመላለሱ የሚጠቅመው እስከ መቼ እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተመካከሩ። የሚከተሉት ግን ሳይዘገይ መታየት አለባቸው፤ አዲስ የጀርባ ሕመም ከእግር መዛል ወይም ሽንት መቆጣጠር ካለመቻል ጋር፣ ከኬሞ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት፣ የማያቆም ደም። የመጀመሪያው በተለይ ጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ነርቭ ሲጨፈለቅ የሚታይ በመሆኑ በሰዓታት ውስጥ ካልታከመ ሰውየው ዳግመኛ ላይራመድ ይችላል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ሕመምተኛው አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል፣ እጅና እግሩ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሹ ቆም እያለ ይቀጥላል፣ ጉሮሮውም ሊያንኮራፋ ይችላል። ይህ ለሚያየው ያስጨንቃል፤ ሕመምተኛውን ግን ብዙ ጊዜ አያሠቃየውም። መዋጥ ካቃተው ምግብና ውሃ አፉ ውስጥ አታፍስሱ፤ በረጠበ ጥጥ ከንፈሩን አርጥቡ። ማስታገሻው በሌላ መንገድ እንዲሰጥ ለነርሷ ደውሉ። የሚሰማ እንደሆነ ቆጥራችሁ አነጋግሩት፤ የውርስ ክርክር ካለ ከክፍሉ ውጭ ይሁን።

ከቀብሩ በኋላ የተረፈውን ሞርፊን ለጎረቤት ሕመምተኛ አትስጡ፤ ወዳወጣችሁበት የሆስፒታል ፋርማሲ መልሱ። በዚያው ቀን ነርሷን አግኟት፤ ለቅሶው ካለፈና ዘመድ ከተበተነ በኋላ እንቅልፍ ወይም ምግብ እምቢ ያለው ሰው፣ በተለይም ልጅ፣ ካለ የሚያነጋግረው ባለሙያ እንድትጠቁማችሁ ጠይቋት፤ የሟችን ቤተሰብ መደገፍም የማስታገሻ ክብካቤው አንድ ክፍል ነው።