የጋማ ፍንዳታ ሲመጣ ስልካችሁ እንዲጮህ፦ ከጣና ዳር ሆኖ ማንቂያ ማዘጋጀት

የጋማ ጨረር ፍንዳታ ቀጠሮ አይሰጥም። ሩቅ ጋላክሲ ውስጥ ግዙፍ ኮከብ ሲወድቅ ወይም ሁለት ኒውትሮን ኮከቦች ሲጋጩ ይፈነዳል፣ ጨረሩ ለሰከንዶች ወይም ለደቂቃዎች ብልጭ ብሎ ያልፋል። እኛ በቴሌስኮፕ የምናሳድደው ከዚያ በኋላ የሚቀረውን ብርሃን ነው። አፍተርግሎው ይሉታል፣ እኔ ፍሙ እለዋለሁ። ፍሙ ደግሞ ቶሎ ይከስማል። በግምት ጊዜው እጥፍ በሆነ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይወርዳል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ደቂቃ ያመለጣችሁ ፍም ከ1 ሰዓት በኋላ 60 እጥፍ ገደማ ደብዝዞ ነው የምታገኙት። ባሕር ዳር ጣሪያ ላይ ትንሽ ቴሌስኮፕ ለዘረጋ ሰው እነዚያ ደቂቃዎች ሁሉ ነገር ናቸው።

ማንቂያው የሚመጣው ጂሲኤን ከሚባለው፣ ሳተላይቶች ያዩትን ፍንዳታ ለሁሉ ከሚያሰራጨው የናሳ መረብ ነው። ነጻ ነው። ድረ ገጹ ላይ አካውንት ክፈቱ፣ ክላየንት አይዲ (የፕሮግራማችሁ መለያ) እና የሚስጥር ቁልፍ ይሰጣችኋል፣ የምትፈልጉትን የሳተላይት መልእክት ስትመርጡ የመነሻውን የፓይተን ኮድ ራሱ ጽፎ ያቀርብላችኋል። መልእክቱ ካፍካ በሚባል የመልእክት ማስተላለፊያ ሥርዓት ይፈስሳል፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለው ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) ተቀብሎ ያነባል። በኢሜይል መቀበልም ይቻላል፣ ግን ኢሜይል ሰማያችሁን አያውቅም።

ዋናው ሥራ ማጣራቱ ነው። እኔ መጀመሪያ ምንም ሳላጣራ ለቀቅኩት። ፌርሚ የሚባለው የጋማ ጨረር ሳተላይት ብቻ በዓመት 240 ገደማ ፍንዳታ ያያል፣ ለአንዱም ደጋግሞ መልእክት ይልካል። ስልኬ ቀን ከሌት ሲጮህ ሳይለንት አደረግኩት፣ የምፈልገው ሲመጣ ተኝቼ ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ስክሪፕቱ መጀመሪያ የሙከራ መልእክቶችን ይጣል። ቀጥሎ የቦታውን ስህተት ይይ፣ ማለትም ፍንዳታው ከተጠቆመው ቦታ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል። ስዊፍት የሚባለው ሳተላይት ባት በተባለው መሣሪያው 3 አርክሚኒት (አንድ አርክሚኒት የዲግሪ 1/60 ነው) አካባቢ በሆነ ስህተት ይጠቁማችኋል፣ ይህ ለካሜራ ይበቃል። ብዙ ጊዜ ከ1 ወይም 2 ደቂቃ በኋላ ደግሞ የስዊፍት የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ፣ ኤክስ አር ቲ፣ ወደ ጥቂት አርክሰከንድ (የአርክሚኒት 1/60) ያጠበዋል። ጂቢኤም የሚባለው የፌርሚ መሣሪያ ግን ብዙ ዲግሪ ሊስት ይችላል፣ ትንሽ ካሜራ ይዞ እሱን ማሳደድ ድካም ብቻ ነው። ለእኔ ስልኩን የሚያስጮኸው ስዊፍት ነው፣ የሌሎቹን ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ።

ከዚያ ሰማዩ። አስትሮፓይ በሚባለው ላይብረሪ ቦታችሁን አስገቡ፦ ኬክሮስ 11.6 ሰሜን፣ ኬንትሮስ 37.4 ምሥራቅ፣ ከፍታ 1800 ሜትር። ኢላማው ከአድማስ 30 ዲግሪ በላይ ካልሆነ፣ ፀሐይም ከአድማስ 12 ዲግሪ በታች ካልወረደች ስልኩ አይጩህ። ከባሕር ዳር ዲክሊኔሽኑ (ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያለው ርቀት) ከ48 ዲግሪ ደቡብ እስከ 71 ዲግሪ ሰሜን ያለ ነገር በሆነ ሰዓት ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ከሰማዩ ብዙውን እናያለን ማለት ነው። ደግሞ ሐይቁ ከከተማው በስተሰሜን ስለሆነ በዚያ በኩል የመንገድ መብራት የለም። ለሰሜኑ ኢላማ ቅድሚያ ስጡት።

ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ፣ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። መልእክቱ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት ነው የሚመጣው። በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ 3 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱ፣ ከ1 በታች ከወረደ ደግሞ 12 ጨምሩ። 20፡10 ዩቲሲ ከሌሊቱ 5፡10 ነው። መጋቢት 10 ቀን 2000 ዓ.ም. የፈነዳው ጂአርቢ (የጋማ ጨረር ፍንዳታ) 080319ቢ ብርሃኑ 5.3 ማግኒቲዩድ (የኮከብ ብርሃን መለኪያ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይደምቃል) ደርሶ ነበር፣ ጨለማ ውስጥ የነበረ ሰው በባዶ ዓይኑ ሊያየው ይችል ነበር። ግን 06፡12 ዩቲሲ ላይ ነው የፈነዳው፣ ባሕር ዳር ከጠዋቱ 3፡12፣ ጠራራ ፀሐይ። መስከረም 29 ቀን 2015 ዓ.ም. የመጣው ጂአርቢ 221009ኤ ግን ፌርሚ ያየው በእኛ 10፡17 ከሰዓት ነው፣ ሲመሽ ደግሞ ኢላማው ከአናታችን ትንሽ ወደ ሐይቁ ዘንበል ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ምሽት እንዳያመልጣችሁ፣ ስክሪፕቱ «አሁን ይታያል?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ማታ ይታያል?» ብሎም ይጠይቅ። ለሁለተኛው ዝም ያለ መልእክት ይበቃል።

ለማስጮኽ ቴሌግራም ቦት ይቀላል። ለዚያ ቦት ብቻ የተለየና ጮክ ያለ ድምፅ ስጡት፣ ሌሊት ላይም ሳይለንቱን እንዲያልፍ ፍቀዱለት። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ የት፣ ስንት ዲግሪ ከፍታ፣ በየት አቅጣጫ፣ በእኛ ሰዓት ስንት ላይ።

መብራትና ኔትወርክ ይጠፋሉ። ለካፍካው የማይቀየር የግሩፕ አይዲ (ስክሪፕታችሁን የሚለይ ስም) ስጡት፣ ያኔ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ካልሰጣችሁት ግን በጠፋበት ጊዜ የመጣው ያልፋችኋል። የሚቻል ከሆነ ስክሪፕቱን ሰርቨር ላይ አስኪዱት፣ ስልኩ በዳታ ይቀበላል።

ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው አያስወጣም፣ ግን አታጥፉት። የቆዩ መልእክቶችን እየመለሳችሁ ሞክሩበት፣ ጥቅምት ሲጠራ ዝግጁ ትሆናላችሁ።

ሲጮህ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከዚያ ሌላው። የ30 ሰከንድ ፎቶዎችን ሳታቋርጡ አንሱ፣ ትኩረቱ ፍጹም እስኪሆን አትጠብቁ። ሌንሱ ላይ የሐይቁ ጤዛ እንዳይዝ ማሞቂያውን ቀድማችሁ አብሩት። ፎቶውን ከቆየ የሰማይ ካርታ ጋር አስተያዩ። በስህተቱ ክብ ውስጥ አዲስ ነጥብ ካለ፣ በቀጣዮቹ ፎቶዎች ላይም እየደበዘዘ ከሄደ፣ በጂሲኤን ሰርኩላር (ተመልካቾች ያዩትን ለሌሎች በሚያሳውቁበት አጭር ጽሑፍ) ጻፉት። ምንም ካላያችሁም እስከ ስንት ማግኒቲዩድ ድረስ ፈልጋችሁ እንዳጣችሁት ጻፉ፣ እሱም ለሌላው ተመልካች መረጃ ነው።