ባክቴሪያውን የገደለው ማነው? ሜታልና ኦርጋኒክ ውህድ ስታዋህዱ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ ካምፓስ አካባቢ የኬሚስትሪ ማስተርስ ተማሪ አግኝታችሁ «ቴሲስህ ምን ላይ ነው?» ብትሉት፣ ከምትሰሟቸው መልሶች አንዱ ይሄ ነው፦ ሊጋንድ (ሜታል ላይ የሚጣበቅ ኦርጋኒክ ውህድ) ሠርቼ፣ ከኮፐር ወይ ከዚንክ ጋር አዋህጄ፣ ባክቴሪያ ላይ እሞክራለሁ። ርዕሱ የሚናቅ አይደለም። ለቃጠሎ ቁስል የሚቀባው ነጭ ክሬም፣ ሲልቨር ሰልፋዳያዚን፣ ሲልቨር ከአንድ የሰልፋ መድኃኒት ጋር ተዋህዶ የተሠራ ነው። የፎረፎር ሻምፖ ውስጥ የሚገባው ዚንክ ፓይሪታይዮንም የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ደግሞ 906 ሜታል ያለባቸው ውህዶች ተፈትሸው፣ 88ቱ ቢያንስ አንድ ጀርም ላይ ሠርተዋል፤ ሴሎች ላይም ጉዳት አላሳዩም።

አሠራሩ ላይ ግን ያው ስህተቶች እየተመላለሱ ይመጣሉ።

ሜታሉን ለብቻው አለመሞከር

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ተማሪው ሊጋንዱን ይሞክራል፤ ምንም የለም። ሊጋንዱና ሜታሉ የተዋሃዱበትን ኮምፕሌክስ ይሞክራል፤ ውህዱን በያዘችው የወረቀት ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይወጣል። ወዲያው «ኮምፕሌክሱ ከሊጋንዱ በልጧል» ተብሎ ይጻፋል። ቆይ እንጂ! ኮፐር እኮ ራሱ ባክቴሪያ ይገድላል። ሲልቨርማ አይነሳ። ኮምፕሌክሱ አጋሩ (ባክቴሪያው የሚበቅልበት ጄል) ውስጥ ፈርሶ ኮፐሩን ለቆት ከሆነ፣ ያያችሁት የተራ ኮፐር ጨው ሥራ ነው። ስንት የለፋችሁበት ሊጋንድ ምንም አልጨመረም ማለት ነው።

ስለዚህ አምስት ዲስክ ጎን ለጎን ይሞከር፦ ኮምፕሌክሱ፣ ሊጋንዱ፣ መነሻው የሜታል ጨው፣ ማሟሚያው ብቻውን፣ የታወቀ አንቲባዮቲክ። ንጽጽሩም በሞል፣ ማለትም በሞለኪውሎቹ ብዛት፣ ይሁን። ከሳሊሲላልዲሃይድና ከኤቲሊንዳያሚን የሚሠራውን ሳለን የተባለውን ሊጋንድ እንውሰድ። የኮፐር ኮምፕሌክሱ ሞላር ክብደት 330 ገደማ ነው፤ ሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት ከነውሃው 250 ገደማ። ከሁለቱም እኩል 1 ሚሊግራም ብትመዝኑ፣ ከኮምፕሌክሱ 0.19፣ ከጨው 0.25 ሚሊግራም ኮፐር ታገኛላችሁ። በግራም ብቻ ያነጻጸረ ሰው ውድድሩን ገና ሳይጀመር አዛብቶታል።

ማሟሚያው ላይም ዓይናችሁን ጣሉ። ብዙ ሰው የሚጠቀመው ዲ.ኤም.ኤስ.ኦ. ሲበዛ ባክቴሪያን ራሱ ይጎዳል። አልፎ ተርፎም ሜታሉ ላይ ተጣብቆ ሊጋንዱን ገፍቶ ሊያስወጣ ይችላል። ሲስፕላቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት እሱ ውስጥ ሲሟሟ ኃይሉን ያጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እንደሟሟ የዩ.ቪ. ስፔክትረሙን (ብርሃን የሚውጥበትን ንድፍ) አንሱ፣ በማግስቱ ድገሙት፣ አስተያዩት።

ቀለሙ ተቀየረ ብሎ መጨረስ

ሮዝ የነበረው የኮባልት ጨው አረንጓዴ ሲሆን ደስ ይላል፤ ፎቶም ይነሳል። ግን ቀለም መረጃ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ያልተዋሃደ ጨውና ሊጋንድ ተደባልቀው አንድ ላይ ደርቀውም ሊሆን ይችላል። ሊጋንዱ ሺፍ ቤዝ (እንደ ሳለን ከአልዲሃይድና ከአሚን የሚሠራ) ከሆነ ደግሞ ውሃና አሲድ ሲያገኝ ተመልሶ ወደ አልዲሃይድና አሚን ይበታተናል። ቢያንስ አይ.አር. (ኢንፍራሬድ ስፔክትረም) ላይ 1600 እና 1640 ሴ.ሜ⁻¹ መካከል የሚታየው የካርቦንና ናይትሮጅን ድርብ ቦንድ ከቦታው ፈቀቅ ማለቱን እዩ። የኤለመንት ትንተናም አስጨምሩ። ዚንክ ከሆነ ኤን.ኤም.አር. (በማግኔት የሞለኪውሉን አወቃቀር የሚያሳየው መሣሪያ) ያግዛችኋል፤ ኮፐር ግን ማግኔታዊ ባህሪው ምስሉን ያበላሽባችኋል።

ከፍታውን መርሳት

ይሄኛውን የውጭ መጽሐፍ አይነግራችሁም። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ 92 ወይ 93 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ሽሮ ወጥ የሠራ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ኢታኖልም 78 ዲግሪ ሳይደርስ 72 አካባቢ ላይ ይፈላል። መጽሐፉ «ለሦስት ሰዓት ሪፍላክስ አድርግ» (ትነቱን እየመለስክ አፍላው) ሲል የሚያስበው 78ን ነው። እዚህ ሪአክሽኑ ይዘገያል፤ በሰዓት ሳይሆን በቲ.ኤል.ሲ. (ውህዶችን ስስ ሳህን ላይ በሚለየው ፍተሻ) ተከታተሉት።

አውቶክሌቩ (በግፊት እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ደግሞ የባሰ ነው። የግፊት ጌጁ 15 ፒ.ኤስ.አይ. ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደርሷል የሚባለው ባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያው 15 የሚሰጣችሁ 117 ገደማ ነው። 121 ለማግኘት 18 ተኩል አካባቢ ያስፈልጋል፤ ያም መሣሪያው ያን ግፊት የሚፈቅድ ከሆነ ነው። ካልፈቀደ ሰዓቱን ማርዘም ነው። በሙቀት የሚቆጣጠረው ዘመናዊው ማሽን ላይ ይህ ችግር የለም። በግፊት በሚሠራው አሮጌ ድስት ላይ ግን ሚዲያው (የባክቴሪያው ምግብ) በወጉ ሳይፀዳ ይቀርና፣ ያልተጋበዘ ባክቴሪያ አብሮ ይበቅላል።

ሲልቨርን በቧንቧ ውሃ

የቧንቧ ውሃችን በክሎሪን የሚታከም ነው። በብርጭቆ ቀድታችሁ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ብትጨምሩበት ነጭ ደመና ይሠራል፤ ያ ሲልቨር ክሎራይድ ነው። ዕቃችሁን በቧንቧ ውሃ ብቻ አለቅልቃችሁ ከተጠቀማችሁ፣ ከለካችሁት ሲልቨር ከፊሉ ሥራ ሳይጀምር ተቀንሷል። ባክቴሪያው የሚያድግበት ሾርባ ራሱም ጨውና ፕሮቲን አለበት፤ ሁለቱም ሲልቨር ይይዛሉ። የትኛውን ሚዲያ እንደተጠቀማችሁ በግልጽ ጻፉ።

ትልቅ ክብ ማለት ጠንካራ መድኃኒት ነው ማለት

አይደለም። ክቡ ውህዱ አጋሩ ውስጥ ምን ያህል እንደተጓዘም ይለካል። ውሃ የማይወደውን ግዙፍ ኮምፕሌክስ ከትንሹ ሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር በክብ ስፋት ማወዳደር ሲኖትራክና ባጃጅን በጠባብ ቅያስ እንደማሽቀዳደም ነው። አጋሩ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ባክቴሪያው 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) ይሁን፤ ከዚያ ወደ ኤም.አይ.ሲ.፣ ማለትም እድገቱን የሚያግደውን ትንሹን መጠን ወደ መለካት፣ እለፉ። ኢ. ኮላይ ላይ ካልሠራ ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ፤ እንደሱ ግራም ኔጋቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ብዙ ነገር አያሳልፉም።

ባክቴሪያ ገደለ፣ አለቀ ማለት

በረኪናም ይገድላል። የቀይ ደም ሴል ወይም የሰው ሴል ላይ ሳይፈተሽ «ተስፋ ሰጪ መድኃኒት» ብሎ መደምደም ይቅር። «ባክቴሪያ ሜታልን አይለምድም» የሚለውም እንደዚያው። እ.ኤ.አ. በ1975 ቦስተን ውስጥ አንድ የቃጠሎ ሕሙማን ክፍል ሲልቨርን የሚቋቋም ሳልሞኔላ እንደተነሳበት ተመዝግቧል።

ሲንክ ውስጥ መድፋት

ኒኬሉም ኮባልቱም ወደ ሲንክ ሲደፋ እንደ ግንፍሌ ያሉ ወንዞቻችን ጋ መድረሱ አይቀርም። በታችኛው ተፋሰስ በወንዙ ውሃ አትክልት የሚያለማ ገበሬ አለ። ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ አዘጋጁ፣ ስሙን ጻፉበት፣ እሱ ላይ ሰብስቡ። ፐርክሎሬት ጨው ከኦርጋኒክ ሊጋንድ ጋር ደርቆ ሲሞቅ ወይ ሲፋቅ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ አሴቴት ወይም ክሎራይድ ካለ እሱን ተጠቀሙ። ሲልቨርና አሞኒያ የተቀላቀለበትንም ለነገ አታሳድሩት፤ ሲቆይ የሚፈነዳ ዝቃጭ ይሠራል። የዚያኑ ዕለት በቀጭን አሲድ አክሽፉት።