«ቶሎ» በእንግሊዝኛ ስንት ቃል ነው?

በአማርኛ «ቶሎ» ብቻዋን ብዙ ትሠራለች። «ቶሎ ና» ያለ ሰው ሮጠህ ድረስ ማለቱ ይሆናል፤ ብዙ ሳትቆይ ተመለስ ማለቱም ይሆናል፤ ነገ ከሰዓቱ ቀድመህ ተገኝ ማለቱም ይሆናል። እንግሊዝኛ ለሦስቱ ሦስት ቃል አለው። ስህተቱ የሚመጣው ሁሉንም በ«ፋስት» ከመሸፈን ነው።

ፒያሳ ላይ ለጠዋቱ 2 ሰዓት ቀጠሮ ተይዟል እንበል። ሩብ ጉዳይ ላይ የደረሰ ሰው «አይ ኬም ኧርሊ» ይበል። «አይ ኬም ፋስት» ካለ፣ ሰሚው የሚረዳው ሲከንፍ መምጣቱን እንጂ ቀድሞ መድረሱን አይደለም። መንገድ ላይ ያለው በስልክ «አይል ቢ ዜር ሱን» ይላል፤ መጣሁ ማለት ነው። ጠባቂው ደግሞ «ፍጠን እንጂ» ሲያሰኘው «ሃሪ አፕ» ይላል። ከውጭ አገር ሰው ጋር ከሆነ ቀጠሮውን «8» ብላችሁ ያዙ፤ የእኛ 2 የእነሱ 8 ነው።

«ፋስት» እና «ኩዊክ» ሁለቱም «ፈጣን» ተብለው ስለሚተረጎሙ ይምታታሉ። «ፋስት» የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ይናገራል፣ «ኩዊክ» የሚፈጀውን ጊዜ ማጠር። ከሜክሲኮ ስታዲየም በሥራ መውጫ ሰዓት ለሚሄድ፣ መንገዱ ክፍት ቢሆን መኪና «ፋስተር» ነው፤ መንገዱ ሲዘጋጋ ግን የሚያዋጣው ባቡሩ «ኩዊከር» ነው ይባላል፣ ቶሎ ስለሚያደርስ። አጭር ጥያቄም «ኧ ኩዊክ ኩዌስቸን» ነው እንጂ «ፋስት» አይባልም። «ፋስትሊ» የሚባል ቃል የለም፤ «ሺ ራንስ ፋስት» በቂ ነው። «የበለጠ ፈጣን» የሚለውን ተከትሎ የሚመጣው «ሞር ፋስት»ም ስህተት ነው።

«ቸኩያለሁ» ለማለት ብዙ ሰው «አይ አም ሃሪ» ይላል። መሐሉ ጎድሏል፤ «አይ አም ኢን ኧ ሃሪ» ነው። «ረሽ» ከዚህ ይከብዳል፣ ጥድፊያ አለበት። «ዶንት ረሽ» የሚባለው ሰውየው እየተጣደፈ እንዳያበላሽ ነው።

ፍጥነት ለመጨመር ደግሞ «አድ ስፒድ» አትበሉ፤ «ፍጥነት ጨምር» ቃል በቃል ሲገለበጥ የሚወጣ ነው። ትክክለኛው «ስፒድ አፕ» ነው፣ ለመኪናም ለሥራም ይሆናል። እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን ስለማይለይ አክብሮቱን በአነጋገሩ ማምጣት ግድ ነው፤ በዕድሜ የሚበልጥ ሹፌርን «ኩድ ዊ ጎ ኧ ሊትል ፋስተር፣ ፕሊዝ?» ማለት ያምራል። «ሂ ዋዝ ስፒዲንግ» ከተባለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ ሹፌሩ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድቷል ማለት ነው፣ ጥፋት ነው። «በከፍተኛ ፍጥነት» ሲተረጎምም «በ» የምትሆነው «አት» ናት፦ «አት ሃይ ስፒድ»።

«ፔስ» የሚለውን ጠዋት ጠዋት መስቀል አደባባይ የሚሮጥ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከ«ስፒድ» ጋር ግን አንድ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26፡17.53 ሮጧል። ይህ በ«ስፒድ» ሲነገር በሰዓት 22.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በ«ፔስ» ሲነገር በኪሎ ሜትር 2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ያህል። ስለዚህ ሯጭ ሲፈጥን የ«ስፒድ» ቁጥሩ ይጨምራል፣ የ«ፔስ» ቁጥሩ ይቀንሳል። ለዚህ ነው «ኢንክሪስ ዩር ፔስ» ሲባል ቁጥር የሚያይ ሰው ግራ የሚጋባው፤ «ፒክ አፕ ዘ ፔስ» ካላችሁት ፍጠን ማለታችሁ እንደሆነ ማንም አይስትም። አሯሯጩ ደግሞ «ፔስሜከር» ነው።

አንድ ቀሪ አለ። «ፋስት» ጾምም ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ምሳ ሲቀርብላችሁ «አይ አም ፋስቲንግ» ብትሉ «ጾም ነኝ» ነው የሚሆነው፤ «እየፈጠንኩ ነው» ለማለት ከፈለጋችሁ «አይ አም ሃሪይንግ» በሉ።