ቪትዝ ቤንዚን ሲበዛባት፦ ከቴርሞስታት እስከ ጎማ በእርግጥ የሚቆጥቡ ማሻሻያዎች

«ቤንዚን ትጠጣለች» የተባለች ቪትዝ ስትመረመር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ዕቃ ተነስቶባት ወይም በማይመጥናት ተቀይሮባት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሻሻያ የጎደለውን መመለስ ነው፤ አዲስ ነገር መግጠም ከዚያ በኋላ ይመጣል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለችውን መኪና በወጉ መያዝ የግድ ሆኗል። ከዚህ በታች ያለው በቪትዝ ላይ ይጻፍ እንጂ ለያሪስ፣ ለኮሮላና ለሌሎች ኢንጀክሽን ያላቸው ትንንሽ መኪኖችም ይሠራል።

ሳይለኩ ምንም አይንኩ። የነዳጅ ጌጁ ለዚህ አያገለግልም። ማደያ ገብተው ፓምፑ ራሱ ጠቅ ብሎ እስኪዘጋ ያስሞሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ፣ ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ይንዱ፣ ከዚያ እዚያው ማደያ፣ ቢቻል እዚያው ፓምፕ ላይ፣ እንደገና ጠቅ እስኪል ያስሞሉ። 412 ኪሎ ሜትር ሄዳ 31.5 ሊትር ከተቀበለች በሊትር 13.1 ኪሎ ሜትር ሄዳለች ማለት ነው። ጠቅ ካለ በኋላ «ትንሽ ጨምርበት» ማለት ልኩን ያበላሻል፤ የቤንዚን ትነት የሚይዘውን ከሰልም ያረጥባል። አንድ ልኬት ስለማያስተማምን ሦስቱን ወስደው አማካዩን ይያዙ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና እንደገና ይለኩ። በአንድ ቀን አምስት ነገር ያስቀየረ ሰው የትኛው እንደጠቀመው በፍጹም አያውቅም።

ትልቁ ሌባ፦ የተነሳ ቴርሞስታት

መኪና ሞቀች ሲባል ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚከለክለውን ክፍል፣ አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች የተለመደ ነው። ውሃው ያለ ከልካይ ስለሚዞር ሙቀቱ በርግጥ ይወርዳል፤ ሂሳቡ የሚመጣው ማደያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ ሲወስን የውሃውን ሙቀት ያያል። ውሃው 60 ወይም 65 ዲግሪ ላይ ከቆመ ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ቤንዚን ይጨምራል። ዘይቱም እንደወፈረ ይቆያል፤ አውቶማቲክ ከሆነች ካምቢዮው የመጨረሻውን ማርሽ ቶሎ አይሰጥም። ጠዋት በሚቀዘቅዝ ከተማ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት በማድረስና ገበያ በመሄድ ለምትውል መኪና ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት መርፌ የላቸውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የሚበራ ሰማያዊ መብራትና ሲግል የሚበራ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። ሰማያዊው 10 ደቂቃ ከነዱ በኋላም ካልጠፋ፣ ወይም ጠፍቶ ረጅም ቁልቁለት ላይ ተመልሶ ከበራ፣ ቴርሞስታቱ የለም ወይም ክፍት እንደሆነ ተጣብቋል። ስካነር (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ካለዎት ደግሞ የውሃውን ሙቀት ቁጥር ይዩ፤ ቴርሞስታቱ የሚከፈተው 82 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ከሞቀች በኋላ ከ80 ብዙ መውረድ የለበትም።

ከመመለስዎ በፊት ግን ለምን እንደተነሳ ይወቁ፤ ያለዚያ መኪናዋ እንደገና ትፈላለች። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ከፍታ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለምታልፍ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ጤነኛ ሞተር ደግሞ 90ዎቹ ውስጥ ይገባል። ውሃውን ከመፍላት የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። 1.1 ባር የሚይዝ ክዳን በዚህ ከፍታ የውሃውን መፍያ ወደ 118 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን አይዝም፤ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይገነፍላል። መቀየር የነበረበት ክዳኑ ሆኖ ሳለ ቴርሞስታቱ ይነሳል። ስለዚህ ሁለቱን አብረው ይግዙ፤ አዲሱ ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር አሮጌው ላይ ካለው ጋር መመሳሰል አለበት።

ሥራው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በርዶ ይጀመራል። ከራዲያተሩ ሥር ባለው ማፍሰሻ 2 ሊትር ያህል ኩላንት ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ያውርዱ። በ1.3 ሊትሩ የኤንዜድ ሞተር ላይ የራዲያተሩን የታችኛውን ማኒኮቶ ተከትለው ሲሄዱ ሞተሩ ላይ በ2 ዳዶ የታሰረ ትንሽ ክዳን ያገኛሉ፤ ዳዶዎቹ በ10 ቁልፍ ይፈታሉ። ውስጡ ባዶ ከሆነ ጥርጣሬዎ ልክ ነበር። ፊቱን ከአሮጌ ሲሊኮንና ከዝገት ያጽዱ። ቴርሞስታቱ ጠርዙ ላይ የሚለበስ የጎማ ጓርኒሲዮን አለው፤ እሱ ካለ ሲሊኮን አይቀቡ፣ የተረፈው ተቆርሶ ራዲያተር ይዘጋል። በቴርሞስታቱ ፊት ላይ የምትንቀሳቀሰው ትንሽ ፒን ወደ ላይ ትሁን፤ አየሩ የሚወጣው በእሷ በኩል ነው። ዳዶዎቹን በአጭር ቁልፍ ተራ በተራ ያጥብቁ፤ የሚሰበሩት ሁልጊዜ በጉልበት ነው። ኩላንቱን ሲመልሱ የመኪናዋ አፍንጫ ወደ ላይ ያዘነበለበት ቦታ ቢቆሙ አየር አይቀርም። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው ሞተሩን ያስነሱ፤ ፋኑ ሁለት ጊዜ ዞሮ እስኪቆም ይጠብቁ፤ ሲበርድ የጎደለውን ይሙሉ። የቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላት ራዲያተሩንም ፖምፓውንም ያዝጋል።

አዲሱን ቴርሞስታት ከመግጠምዎ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው ከቴርሞሜትር ጋር ይፈትኑት። 82 አካባቢ መከፈት ሲጀምር ይታያል። ሙሉ በሙሉ ካልተከፈተ አይደንግጡ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የድስት ውሃ ከ92 አያልፍም።

ፋኑ ቁልፍ ሲከፈት ጀምሮ ያለማቋረጥ የሚዞር ከሆነም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ሽቦውን በቀጥታ አያይዞታል ማለት ነው። ሪሌውንና የሙቀት ሴንሰሩን አሠርተው ወደ ቦታው ያስመልሱት።

የሚጎትተውን ፍሬን ማላቀቅ

10 ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ ነድተው ይቁሙና እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያቅርቡ። ሊያቃጥል ስለሚችል አይንኩት። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም። በክሪክ ያንሱና ጎማውን በእጅ ያዙሩ፤ የፊቱ ሸራ ዲስኩን በቀላሉ መንካቱ ጤና ነው፣ መያዙ ግን አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች መድረቃቸው ነው። አውጥተው ያጽዱና የፍሬን ግሪስ ይቀቡ፤ ተራ ግሪስ ጎማቸውን ያሳብጠዋል። ኋላ ላይ የእጅ ፍሬኑ በ2 ወይም በ3 ጠቅታ ድርቅ ካለ ከልክ በላይ ተጠብቋል።

ጎማና ቁመት

እዚህ ላይ ብዙዎች የማይወዱትን መናገር ግድ ነው። ለኮብልስቶንና ለጉድጓድ ተብሎ ስፔሰር ገብቶባት ከፍ ያለችና ባለ 15 ጎማ የተጫማች ቪትዝ በገዛ ገንዘብ ቤንዚን የምትጨርስ ሆና ተሠርታለች። ከፍታው ከሥር የሚገባውን ነፋስ ያበዛል፤ ከባዱ ጎማ በእያንዳንዱ መነሻ ላይ ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። በዚያ ላይ ልኬቱ ይዛባል። 175/65 ባለ 14 ጎማ ከዳር እስከ ዳር 583 ሚሊ ሜትር ነው፤ 185/65 ባለ 15 ደግሞ 621 ይደርሳል። ስለዚህ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲል በእውነት ወደ 106.6 ሄዳለች። ጎማ የቀየሩ ከሆነ በስልክ ጂፒኤስ 20 ኪሎ ሜትር አነጻጽረው ልዩነቱን በሂሳብዎ ውስጥ ያስገቡ። የሚሻለው ግን በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ባለው ወረቀት ወደተጻፈው ልክ መመለስ ነው።

የጎማው የንፋስ ልክም እዚያው ወረቀት ላይ አለ። ጎሚስታ ዘንድ ከመሄድዎ በፊት ብዙ አይንዱ፤ ጎማ ሲሞቅ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ያሳስታል። በአራቱም ጎማ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) በጎደለ ቁጥር 0.2 ከመቶ ያህል ነዳጅ ይባክናል፤ 10 ሲጎድል 2 ከመቶ መሆኑ ነው። ከወረቀቱ በ2 ወይም በ3 ማሳለፍ ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን በኮብልስቶን ላይ ትዘላለች፣ ጎማውም መሐሉ ብቻ ይበላል። አዲስ ጎማ ሲገዙ የአውሮፓ መለያ ወረቀት ከተለጠፈበት የነዳጅ ደረጃውን ይዩ፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ አምስተኛው ይሄዳል፣ የመጀመሪያው የተሻለው ነው። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረች ከሆነ ደግሞ ዊል አላይመንት ሳያሠሩ ስለ ቁጠባ ማውራት አይቻልም፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ካዩ መንገዱን እየፋቁ ነው የሚሄዱት።

ካንዴላ፣ ዘይት፣ ሴንሰር

ካንዴላው ላይ ያለው ቁጥር በ11 የሚያልቅ ከሆነ ክፍተቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ኢሪዲየም ከሆነ ጫፉ እንደ መርፌ ቀጭን ስለሆነ በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉት፣ ክፍተቱንም በጉጠት አይጠምዝዙ። አዲሱን በእጅ እስኪቀመጥ አስገብተው ግማሽ ዙር ብቻ ይጨምሩ፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ከተበላ ወጪው ከባድ ነው።

ዘይት 5 ደብሊው 30 ይሁን። 20 ደብሊው 50 ለዚህ ሞተር ከልክ በላይ ወፍራም ነው፤ ልዩነቱ 1 ወይም 2 ከመቶ ነው፣ ግን ያለ ምንም ልፋት ይገኛል። ሞተሩ ቀድሞውንም ዘይት የሚበላ ከሆነ ቀጭኑ ፍጆታውን ያብሰዋል፤ መጀመሪያ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይታይ።

በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚሠራው ርካሽ ስካነር ቆንጆ መሣሪያ ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞችን ግን ላያነብ ይችላል። ካነበበ የረጅም ጊዜውን የነዳጅ ማስተካከያ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በስንት ከመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ይመልከቱ። በዜሮና በ10 መካከል፣ ወደ ላይም ወደ ታችም፣ ችግር የለም። ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) 15 ወይም 20 ደርሶ 2,500 ዙር ላይ የሚወርድ ከሆነ በሆነ ቦታ አየር ይገባል፤ የተሰነጠቁ ቀጫጭን ቱቦዎችን ይፈልጉ። ወደ ታች ከ15 ካለፈ ኮምፒውተሩ የበዛ ቤንዚን እየቀነሰ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም የተሳሳተ ሴንሰር ይጠርጠር።

አየር ማጣሪያው፣ ዴፑራቶሩ፣ ቢቆሽሽ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ በኢንጀክሽን መኪና ላይ ነዳጅ እምብዛም አያስጨምርም። ለሞተሩ ዕድሜ ብለው ይቀይሩት። በቤንዚን ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ «ቆጣቢ» እና ከውሃ ጋዝ የሚሠራ ጠርሙስ ላይ ገንዘብዎን አያባክኑ። የጠርሙሱ ኤሌክትሪክ ራሱ የሚመጣው ዲናሞው ከሚያቃጥለው ቤንዚን ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከ100 በላይ እንዲህ ዓይነት ዕቃዎችን መርምሮ ነዳጅን ጉልህ በሆነ መጠን የሚቆጥብ አላገኘም።

ነፋስ

ከተማ ውስጥ ነፋስ ብዙ አይጎዳም። በአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ላይ ግን በ120 ሲነዱ የነፋሱ ግፊት በ90 ከሚሆነው 1.8 እጥፍ ገደማ ነው። ባዶ ፖርቶመጋላ (ጣሪያ ላይ ያለ የዕቃ መጫኛ) ካለ ያውርዱት፤ የሚፈታው በአራት ብሎን ነው።

ቴርሞስታቱ ከተመለሰ በኋላ አንድ የሚረባ ጭማሪ አለ፦ የፊት መግቢያውን በከፊል መሸፈን። ሞተሩ ጠዋት ቶሎ ይሞቃል፣ ነፋስም ይቀንሳል። ጠንካራ ፕላስቲክ በመግቢያው ልክ ቆርጠው፣ ከመግቢያው ግማሽ ሳያልፉ፣ ከውስጥ በኩል በፕላስቲክ ማሰሪያ ይሰሩት። ከራዲያተሩ ጋር አይነካካ፤ ፋኑ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ክፍት ይሁን። ፋኑ ከበፊቱ ቶሎ ቶሎ መነሳት ከጀመረ ሽፋኑ በዝቷል፣ ከጎኑ ይቁረጡለት። ኤሲ የሚያበሩ ከሆነ ወይም ወደ አዋሽ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ማሰሪያዎቹን ቆርጠው ያውልቁት፤ ለመመለሻ የሚሆኑ አራት ማሰሪያዎች ሣጥኑ ውስጥ ይኑሩ።