የመኪና አደጋ ቦታ ቀድማችሁ ስትደርሱ፦ ተጎጂን ሳትጎዱ እንዴት ትረዳላችሁ?

ከከተማ ወጣ ብሎ የመኪና አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደርሱት ከኋላ ሲመጡ የነበሩ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ ከማሳቸው የሮጡ ገበሬዎች፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው። አምቡላንስ ከመጣም ቆይቶ ነው። ሕዝባችን ለመርዳት አያመነታም። ነጠላውን ቀድዶ የሚያስር፣ የጫነውን ዕቃ አራግፎ ቁስለኛ የሚጭን ሰው ሞልቷል። ችግሩ ያለው አያያዛችን ላይ ነው። ከግጭቱ የተረፈ ሰው በአነሳስና በአጫጫን የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ለዚያ ነው።

እኔ ለሥራ በደብረ ብርሃንና በደሴ መካከል ብዙ እመላለሳለሁ። የቀይ መስቀል የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ወስጃለሁ። ሐኪም አይደለሁም። እዚህ የምነግራችሁ ማንም ተራ ሰው በባዶ እጁ ሊያደርገው የሚችለውን ነው።

መጀመሪያ ሌላ አደጋ እንዳይጨመር

መኪናችሁን ከአደጋው ቦታ አለፍ አድርጋችሁ ከአስፋልቱ ውጪ አቁሙ። ሁለቱንም ፍሬቻ አብሩ። ከዚያ ወዲያው አንድ ሰው ሦስት ማዕዘን ምልክቱን ወይም ደማቅ ልብስ ይዞ ወደ ኋላ ይሂድ። ቢያንስ 100 ሜትር ይራቅ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይጓዛል። ጭነት የያዘ ሲኖትራክ ቁልቁለት ላይ ደግሞ በቶሎ አይቆምም። ቦታው ኩርባ ከሆነ ሰውየው የሚቆመው ከኩርባው በፊት ነው። ጣርማ በር ላይ እንደሚሆነው ጉም ካለ ከዚያም ይራቅ። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ መኪና የሚሄድበት ከሆነ ሌላ ሰው በፊት ለፊት በኩል ይቁም።

እኛ አገር ለማስጠንቀቂያ ቅጠልና ድንጋይ መንገድ ላይ መደርደር የተለመደ ነው። ቅጠሉ ጥሩ ነው። ድንጋዩን ግን ተዉት። ሁሉም ሲበተን ድንጋዩን የሚያነሳ የለም፤ ማታ የሚመጣ ሞተረኛ ይወድቅበታል።

የተጋጨውን መኪና ሞተር አጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጉ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አታስጠጉ። የተገለበጠው ነዳጅ የጫነ ቦቴ ከሆነ ሰዉን በሙሉ አርቁ። በተለይ ጀሪካን ይዞ ሊቀዳ የሚመጣውን ለምናችሁም ተቆጥታችሁም መልሱት። ነዳጅ ለመቅዳት ሲሻማ ተቃጥሎ ያለቀ ሰው በየአገሩ ብዙ ነው።

ስልክ

አንድ ሰው ይደውል፣ ሌላው ሥራ ይጀምር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ፖሊስ 991። አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና መኪና ውስጥ ለተቀረቀረ ሰው 939። በየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሥር የሚሠራ አምቡላንስም አለ፤ ቁጥሩ ግን የአካባቢው ስለሆነ በምትመላለሱበት መንገድ ያሉትን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ስትደውሉ ከየትኛው ከተማ ወጥቶ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ የተቀረቀረ ሰው እንዳለ ተናገሩ። እነሱ ሳይዘጉ እናንተ አትዝጉ።

ዝም ያለውን ፈልጉ

ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደሚጮኸው ነው። የሚጮህ ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል። እናንተ ዝም ወዳለው ሂዱ። ከመኪናው ተወርውሮ ቦይ ውስጥ ወይም ቁጥቋጦ ሥር የወደቀ ሰው እንዳለም ዙሩና እዩ። ሹፌሩን ወይም ረዳቱን «ስንት ሰው ነበር የጫናችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። እናት ታቅፋው የነበረ ሕፃን ከቁጥር ይረሳል።

ቀጥሎ ደም። የሚንዠቀዠቅ ወይም ፊን የሚል ደም ካያችሁ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን አቁሙ። ትልቅ ሰው በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ያህል ነው። ትልቅ የደም ሥር ከተቆረጠ ሰው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊሞት ይችላል። ንጹሕ ጨርቅ፣ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ያገኛችሁትን አጥፋችሁ ቁስሉ ላይ አድርጉና በሁለት እጃችሁ በደንብ ተጫኑ። ደሙ ቆመ ወይ እያላችሁ በየደቂቃው አትግለጡ። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ። የተሰካ ብረት ወይም መስታወት ካለ አትንቀሉ፤ ዙሪያውን በጨርቅ ደግፋችሁ እንዳለ ይሂድ።

ቡና መነስነስ፣ አፈር ማድረግ፣ ነዳጅ መቀባት አያስፈልግም። እነዚህ ሁሉ ቁስሉን ከማቆሸሽ በስተቀር ጥቅም የላቸውም።

እጅ ወይም እግር ላይ ሆኖ በመጫን አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ አራት ጣት ያህል ከፍ ብላችሁ እሰሩ። መገጣጠሚያ ላይ አይሁን። ማሰሪያው ሰፋ ያለ ጨርቅ ወይም ሻሽ ይሁን። ሲባጎና ሽቦ ሥጋውን ይቆርጣል። ቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት ወይም የጎማ መፍቻ አስገቡና ደሙ እስኪቆም ጠምዝዙት። ይህ በጣም ያማል፤ ሰውየው ቢጮህም አታላሉት። የታሰረበትን ሰዓት በእስክሪብቶ ግንባሩ ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚፈታው ሐኪም ብቻ ነው።

ትንፋሹንስ? ጆሯችሁን ወደ አፍንጫው አስጠግታችሁ ደረቱን እያያችሁ አዳምጡ። አፉ ውስጥ የሚታይ ደም፣ ጥርስ ወይም ትውከት ካለ አውጡ። ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል። የሚያንኮራፋ የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ የዚህ ምልክት ነው። ከራሱ በኩል ተንበርከኩና አንገቱን ሳታጥፉ፣ ጣቶቻችሁን ከጆሮው ሥር መንጋጋው ጥግ ላይ አድርጋችሁ መንጋጋውን ወደ ፊት ግፉት። ጭራሽ የማይተነፍስ ከሆነ ጀርባው መሬት እንዲነካ አስተኝታችሁ ደረቱን መሐል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ አድርጋችሁ መጫን ጀምሩ።

ማንሳትና መጫን

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ጋ ነው።

የተገለበጠ ሚኒባስ አጠገብ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወደ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰውዬ በመስኮት ወጥቶ ሣር ላይ ተኝቷል። ያወራል፣ እግሩን ያንቀሳቅሳል፣ «ጀርባዬን» ይላል። አራት ጎረምሶች ደረሱ። ሁለቱ በብብቱ፣ ሁለቱ በእግሩ ይዘው አነሱት። ወገቡ መሐል ላይ ታጠፈ። ሮጠው አንድ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስቀመጡት። ጋቢና ውስጥ ሆኖ እግሩ እንደማይሰማው ተናገረ። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም። ደማቸው እየፈላ ነፍስ ለማዳን ነበር የሮጡት። እንዴት እንደሚነሳ ያሳያቸው ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጀርባ አጥንት ሲሰበር በውስጡ የሚያልፈው ነርቭ ሁልጊዜ አብሮ አይቆረጥም። አጥንቱ ተሰብሮ ነርቩ ደህና ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሰውየውን ስታጥፉት፣ ስታቀምጡት ወይም አንገቱን ስታዞሩት የተሰበረው አጥንት ነርቩን ይጎዳዋል። የተጎዳ ነርቭ ደግሞ እንደ አጥንት አይጠገንም። ስለዚህ የተገለበጠ መኪና ውስጥ የነበረን፣ ከመኪና የተወረወረን፣ መኪና የገጨውን እግረኛ፣ ከሞተር የወደቀን ሰው ሁሉ አንገቱና ጀርባው የተጎዳ ነው ብላችሁ ያዙት። «ደህና ነኝ» ቢልም።

አምቡላንስ ይመጣል ከተባለና ቦታው አደገኛ ካልሆነ አታንቀሳቅሱት። አንድ ሰው ከራሱ በኩል ይንበርከክ። ራሱን በሁለት መዳፉ ግራና ቀኝ ይያዝና «አንገትህን አታንቀሳቅስ፣ እዚሁ ነን» እያለ ያነጋግረው። ብርድ እንዳይመታው ጋቢ አልብሱት። የሞተረኛን ሄልሜት መተንፈስ ካልከለከለው አታውልቁ።

እሳት ወይም ጭስ ካለ፣ መኪናው ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ ወይም ሰውየው ካልተነፈሰ ግን መጠበቅ የለም። የደህንነት ቀበቶውን ቁረጡ። ከጀርባው ሆናችሁ እጃችሁን በብብቱ ሥር አሳልፉና የራሱን ክንድ ያዙ። ራሱ ደረታችሁ ላይ ይደገፍ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኋላ ጎትቱት። ወደ ጎን አትጠምዝዙት። እግሩ ተቀርቅሮ ከሆነ አትንጠቁት፤ ወንበሩን ወደ ኋላ መግፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል። መኪናውን በሰንሰለት ከሌላ መኪና ጋር አስሮ መጎተት ግን ውስጥ ያለውን ሰው ሊቆርጠው ይችላል።

አምቡላንስ የለም፣ አይመጣም ከተባለስ? ያኔ እናንተው ትወስዱታላችሁ። መጀመሪያ ጠፍጣፋና ጠንካራ ነገር ፈልጉ። የቤት በር፣ ሰፊ ጣውላ፣ የአይሱዙ የጎን ሳንቃ ይሆናል። በገጠሩ ደግሞ ቃሬዛ አለ። ሰው መሸከም የሚያውቁ አባቶች በአካባቢው አይጠፉም፤ ጠይቁ። ቃሬዛው ከረገበ ላዩ ላይ ጣውላ አንጥፉ።

አምስት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ራሱን ይይዛል፤ አዛዡ እሱ ነው። ሦስቱ በአንድ ጎን ይንበረከካሉ፦ አንዱ ትከሻና ወገብ፣ ሁለተኛው ዳሌና ጭን፣ ሦስተኛው ጉልበትና ባት ይይዛል። አዛዡ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ሁሉም እኩል ወደራሳቸው ያዞሩታል። ሰውየው እንደ አንድ ግንድ ነው መዞር ያለበት። አፍንጫውና እምብርቱ አንድ መስመር ላይ ይቆዩ። አምስተኛው ሰው ጣውላውን ከጀርባው ሥር ይገፋል። እንደገና በቁጥር ጣውላው ላይ ይመልሱታል። ከራሱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ልብስ አድርጉ። ደረቱን፣ ዳሌውንና እግሩን ከጣውላው ጋር በነጠላ እሰሩ። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ዙሪያችሁን የከበበው ሰው «ቶሎ በሉ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» ብሎ ይጮህባችኋል። አትስሙት።

የምትጭኑበት መኪና ደግሞ ሰው ተኝቶ የሚሄድበት ይሁን። ፒካፕ፣ አይሱዙ፣ የኋላ ወንበሩ የሚታጠፍ ሚኒባስ ጥሩ ነው። ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ፣ አንገቱ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ሳይ ሆዴ ይላወሳል። ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ መክነፍ የለበትም። ራሱን የያዘው ሰው እስከ ሆስፒታል ድረስ አይልቀቅ። ራሱን የሳተ ሰው ቢያስመልሰው ከነጣውላው ወደ ጎን አዙሩት።

ውሃ፣ ሻይ፣ አረቄ፣ ምግብ አትስጡ። ቢለምናችሁም። ሊታነቅ ይችላል፤ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገውም ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል። ከንፈሩን አርጥቡለት፣ ይበቃል።

ሆስፒታልና ሕግ

ከባድ ጉዳት ካለ መጀመሪያ ያገኛችሁት ጤና ጣቢያ ደሙን ያቁም፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላክ። አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል ለድንገተኛና ለአደጋ ጉዳት የተቋቋመ ነው።

«ምስክር ሁን ብለው ያጉላሉኛል» እያለ የሚያልፍ ሹፌር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በአደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ ትቶ መሄድን ያስቀጣል። ገንዘብ የለኝም የሚለው ስጋትም ተጎጂውን ደጅ ላይ ሊያስቀረው አይገባም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለተሽከርካሪ አደጋ ተጎጂ ሕጉ እስካስቀመጠው የገንዘብ ጣሪያ ድረስ የድንገተኛ ሕክምና እንዲሰጥ ይደነግጋል። በር ላይ ካንገራገሩ አዋጁን በስሙ ጥሩ። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ከሆነም ለካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ ስላለ ቤተሰቡ የፖሊስ ማስረጃ ይያዝ። ታርጋውን ያየ ሰው ወዲያው ይጻፈው። ተጎጂዎችን ግን ቪዲዮ አትቅረጹ። እናታቸው ከእናንተ በፊት በቴሌግራም ልታየው አይገባም።

መኪናችሁ ውስጥ ይኑር

ለቦሎ ተብሎ የሚገዛውን የመጀመሪያ ርዳታ ሳጥን ክፈቱት። ብዙውን ጊዜ ትንንሽ ፕላስተርና ጊዜው ያለፈ አዮዲን ነው የምታገኙት። እኔ የጨመርኩት ሰፋፊ ጎዝ፣ ላስቲክ ፋሻ፣ ጓንት፣ ወፍራም ልብስና ቀበቶ የሚቆርጥ መቀስ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪና ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ግን ሥልጠናው ይበልጣል። ቀይ መስቀል ቅርንጫፎች ይሰጣሉ፤ ሹፌርና ረዳት አብረው ቢወስዱት ደስ ይለኛል።

በማግስቱም

የተሰበረ እጅና እግር ካለ ወደ ወጌሻ ከመሮጣችሁ በፊት ራጅ ይነሳ። አጥብቆ የታሰረ ስብራት ደም ዝውውሩን ዘግቶ እግር እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታና ሐኪም ይየው።

ከአደጋው ቆሞ የሄደውንም ሰው ተከታተሉት። ውስጥ የሚፈስ ደም ከሰዓታት በኋላ ነው ራሱን የሚያሳየው። በሁለቱ ቀናት ውስጥ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ከወትሮው ውጪ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ሆዱ ከጠነከረና ካመመው ወይም ሽንቱ ደም ከቀላቀለ ሆስፒታል ውሰዱት። ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አትጠብቁ።