የሳይካትሪ ነርስን ለአዲሱ ሥራው እንዴት እናሠልጥን?

ይህን የምጽፈው በማስተርስ ደረጃ የአእምሮ ጤና ለምታስተምሩ፣ በተግባር ልምምድ ጊዜም ተማሪ ለምትቀበሉ ነው።

መጀመሪያ ሥራው ምን ያህል እንደተለወጠ እንይ። አገራችን ውስጥ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት። በአማኑኤል ሆስፒታል የሠለጠኑ ነርሶች ግን በየክልሉ ሆስፒታል አንድ ክፍል ይዘው፣ ብቻቸውን ታካሚ እያዩ፣ መድኃኒትም እያዘዙ ኖረዋል። ስለዚህ መድኃኒት ማዘዝ ለእኛ ነርስ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምኤችጋፕን፣ ማለትም ስፔሻሊስት ያልሆኑ ጤና ባለሙያዎችም የአእምሮ ሕክምና እንዲሰጡ የሚያግዘውን ፕሮግራም፣ ከጀመረ ወዲህ የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ እየወረደ ነው። አሁን ታካሚውን መጀመሪያ የሚያዩት ጤና መኮንኑና የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናቸው። የማስተርሷ ባለሙያ ደግሞ እነሱን ታሠለጥናለች፣ ትደግፋለች፣ ከበድ ያለውን ኬዝ ትቀበላለች። እኛ ግን አሁንም በአብዛኛው የምናስተምረው ራሷ ጎበዝ አካሚ እንድትሆን ብቻ ነው። ይሄ አይበቃም።

እርግጥ የሕክምና ችሎታዋ ከላላ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ተማሪዋ ካርዱ ላይ «ሳይኮሲስ» (ከእውነታው ዓለም የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ብላ ከመጻፏ በፊት ሙቀት ትለካ፣ የደም ስኳር ትይ፣ ወባ ታስመርምር። ታካሚው የቲቢ መድኃኒት ይወስድ እንደሆነም ትጠይቅ፤ አይሶናያዚድ አንዳንዴ አእምሮን ያናውጣል። ስለ ጫትና ስለ አረቄ ሳታፍር ትጠይቅ። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የተምታታበት፣ ያለበት ቦታና ቀኑ የጠፋበት ሰው ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የአካል ሕመምተኛ ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው እንሂድ። ሃሎፐሪዶል የሚባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት የተጀመረለትን ወጣት እንውሰድ። በሁለተኛው ቀን አንገቱ ወደ ጎን ይጣመማል፣ ዓይኑ ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ መንፈሱን አስቆጣው» ብሎ ኪኒኑን ይጥላል፣ ሁለተኛም ጤና ጣቢያ አይመጣም። ነገሩ ግን ዲስቶኒያ፣ መድኃኒቱ የሚያመጣው የጡንቻ መኮማተር፣ ነው፤ ፕሮሜታዚን ወይም ትራይሄክሲፈኒዲል ቶሎ ከተሰጠ ይለቃል። ተማሪዋ ይህን ታውቃለች። ጤና መኮንኑስ ያውቃል ወይ? ስለዚህ «ዲስቶኒያን አክሚ» ብቻ አትበሏት። «ለጤና መኮንኑ በአሥር ደቂቃ አስረጂው፤ ከዚያ እሱ ለልጁ እናት ሲያስረዳ ቁጭ ብለሽ ስሚ» በሏት። እናንተ ከኋላ ተቀመጡ። ነጥብ የምትሰጧትም ራሷ በተናገረችው ሳይሆን መኮንኑ ለእናትየው በነገራቸው ነው። «አንገቱ ከተጣመመ ወዲያው አምጡት፣ ማስለቀቂያ አለው፣ በራሳችሁ አታቋርጡ» ካላቸው ትምህርቱ ደርሷል። «ትንሽ ሳይድ ኢፌክት ሊኖረው ይችላል» ብሎ ካለፈ አልደረሰም፤ ተመልሳ ታስተምረው።

የድጋፍ ጉብኝትም እንዲሁ ልምምድ ይፈልጋል። የተለመደውን እናውቀዋለን፤ መኪና ይመጣል፣ ቼክሊስት ይሞላል፣ መዝገብ ላይ ይፈረማል፣ ይኬዳል። ተማሪዋ ግን ካርድ ክፍል ገብታ በቀጠሯቸው ያልመጡ ሰዎችን ካርድ ታውጣ። ሁለት ሦስት ይበቃል። ከነርሷ ጋር ቁጭ ብላ «ሲስተር፣ እኚህ እናት ለምን የቀሩ ይመስልሻል?» ትበላት። የትራንስፖርት ብር አጥተው ይሆናል፣ ድኛለሁ ብለው ይሆናል፣ ባለፈው ሲመጡ መድኃኒት የለም ተብለው ይሆናል፤ እያንዳንዱ መልስ የየራሱ መፍትሔ አለው። እርማት ካለ ደግሞ ታካሚ ፊት አይደረግም። በታካሚ ፊት የታረመ ጤና መኮንን ሁለተኛ ደውሎ አያማክርም፣ ዝም ብሎ ሪፈር ይጽፋል።

ጠበልን ከትምህርቱ ውጭ አታድርጉት። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ተማሪዋ ታካሚውን «ወይ ጠበሉን ወይ መድኃኒቱን ምረጥ» ማለት የለባትም። ከአጥማቂው ካህን ጋር «አባ» ብላ፣ በአክብሮት፣ መድኃኒቱ ከጠበሉ ጎን ለጎን እንዲወሰድ መነጋገር ትልመድ። የጾምንም ነገር ታስብበት። ጿሚ የጠዋት ኪኒኑን ይዘላል፤ መድኃኒቱ የሚፈቅድ ከሆነ ማታ አንዴ እንዲወሰድ ማድረግ ይሻላል። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ውኃ ሳይጠጣ ከዋለ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ በዝቶ ሊመርዘው ስለሚችል፣ ጾሙ ወይም ረመዳን ከመግባቱ በፊት ለብቻው ተጠርቶ ሊመከር ይገባል።

የመድኃኒት ጥያቄ አሞላልንና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ላይ መሟገትን ቢያንስ አንድ ጊዜ በተግባር ታድርገው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ፊኖባርቢታል ድንገት ሲያልቅ በሽታው ያለበት ሰው በላይ በላዩ እየጣለው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህን በስብሰባ ላይ በሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር መቻል አለባት።

ከተመረቀችም በኋላ ብቻዋን አትተዋት። ቋሚ የስልክ ሰዓት ያዙላት፣ ከባድ ኬዝ የምታማክርበት ሰው ስጧት። የቴሌግራም ግሩፕ ከከፈታችሁ የታካሚ ስምም ፎቶም አይለጠፍበት፤ ይህን ገና ተማሪ ሳሉ ይልመዱት።